መጨረሻ ለማይወዱት ለክቡር የሲኒማ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የሲኒማ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ደም ግፊትዎ፣ በተለይም እንቅልፍዎ ሰላም እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህ ጤናዎ ሳይቋረጥ እስከ ፍጻሜ እንዲዘልቅልዎ ልመኝ አስቤም ነበር፤ ነገር ግን ማንኛውም ነገር ሳይቋረጥ እስከ ፍጻሜው መዝለቁን እርስዎ አጥብቀው እንደሚጠሉ ስለማውቅ ምኞቴን እዚህ ላይ ለመግታት ተገድጃለሁ።

እኔ ከሲኒማ ቤትዎ ፊት ለፊት፣ ከፋርማሲው ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮትና ቀሚስ የምሰፋ ሴት ነኝ። የቅዳሜ ከሰዓት ተመልካችዎ ነኝ ማለትም እችላለሁ፤ በሳምንቱ ውስጥ መርፌና ክር የማልነካበት ሰዓት እሱ ብቻ ስለሆነ ያንን ሰዓት ለእርስዎ አዳራሽ ሰጥቼ ኖሬአለሁ። ከዚህ ቀደም በጸሐፊዎ በኩል የላክሁልዎ የታሸገ ደብዳቤ ምላሽ አላገኘም። ምናልባት እሱንም ማንበብ ጀምረው መሃሉ ላይ ሲደርሱ መብራት አብርተው ተነስተው ይሆናል ብዬ በመገመት አልተቀየምኩም። ይህኛውን ግን ሌሎችም ቢያነቡት ከመሃል አንዱ ሊጨርሰው ይችላል በሚል ተስፋ በግልጽ ጽፌዋለሁ።

ሲኒማ ቤታችንን ለማያውቁ አንባቢዎች ነገሩን ላስረዳ። በሲኒማ ቤታችን ፊልም ይጀመራል እንጂ አይጨረስም። ታሪኩ ጦፎ፣ የሰው ልብ ተሰቅሎ፣ አሁን ነገሩ ሊለይለት ነው ስንል የአዳራሹ መብራት ቦግ ይላል፣ ምስሉ ይጠፋል፣ የጎን በሮቹ ይበረገዳሉ። ተመልካቹ «ባትሪ» የሚል ስም ያወጣለት አስገቢዎ የእጅ ባትሪውን በየረድፉ እያወዛወዘ «አልቋል፣ አልቋል፣ በዚህ በኩል» ይለናል። የጽዳት ሠራተኛዋም ገና ከወንበራችን ሳንነሳ መጥረጊያዋን በእግሮቻችን መሃል ታሳልፋለች፤ በእሷ አልፈርድም፣ የታዘዘችውን ነው። የዚህ ሁሉ ጥድፊያ ምክንያት በቀኑ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ማሳያ መሸጎጥ መሆኑን፣ በመውጫው ላይ ፈንዲሻ የሚሸጠው የባለቤትዎ ወንድምም በዚህ አሠራር ቅር እንደማይሰኝ ዛሬ አብዛኛው ሰፈር አውቆታል። ይህን የምጽፈው ሊከስሱኝ ካሰቡ አንቀጹን ፈልገው እንዳይደክሙ ጭምር ነው።

ቅሬታዬን በቁጥር አስፍሬአለሁ፤ ትልልቅ ሰዎች በቁጥር የተጻፈ ነገር ደስ ይላቸዋል ሲባል ሰምቻለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ገዳዩ። በቅርቡ ያሳዩን የወንጀል ፊልም በእኔ አስተያየት ደህና ፊልም ነበር። አጀማመሩ ይንዛዛል፤ መርማሪው መስኮት ስር ቆሞ ሲጋራ የሚያጨስበት ጊዜ ለእኔ አንድ ሱሪ አሳጥሮ ለመተኮስ ይበቃኝ ነበር። ኮቱም ትከሻው ላይ አልተቀመጠም፣ ከኋላ ሲታይ ከሌላ ሰው የተዋሰው ይመስላል። ሆኖም ባለጸጋው ሰውዬ ተመርዞ ጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ከተገኘ ወዲህ አንድም ሰው ከመቀመጫው ንቅንቅ አላለም። ሚስቱ፣ ታናሽ ወንድሙ፣ ጠበቃውና ወጥ ቤቷ ሁሉም የሚያስጠረጥር ነገር ነበራቸው፤ ተዋናዮቹም ሁሉ ነገር የደበቀ ሰው ፊት እንዴት እንደሚሆን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በመጨረሻ መርማሪው አራቱንም መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ሰብስቦ፣ በሩን ቆልፎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ገዳዩ እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው ብሎ ጣቱን ማንሳት ሲጀምር መብራትዎ በራ። ጣቱ ወደ ማን ሊሄድ እንደነበር እስከ ዛሬ የምናውቀው ነገር የለም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰፈራችን ለሁለት ተከፍሏል። ጸጉር አስተካካዩ የገደለው ጠበቃው ነው ባይ ነው፤ ምላጭ በእጁ ይዞ ስለሚከራከር ደንበኞቹ በሙሉ በሐሳቡ ይስማማሉ። ጎረቤቴ የፋርማሲ ባለሙያዋ ደግሞ ወጥ ቤቷ ናት፣ የመርዝ ነገር ለእኔ ነው የሚነገረው ትላለች። ሁለቱ በፊት ጠዋት ጠዋት እየተሳሳቁ ሱቃቸውን የሚከፍቱ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬ አንዱ ሲመጣ ሌላው ቁልፍ የጠፋበት መስሎ ኪሱን ይዳብሳል። እኔ መሃላቸው ሆኜ ለሁለቱም እሺ እሺ እያልኩ እኖራለሁ፤ ጸጉሬንም መድኃኒቴንም እፈልጋለሁና።

ሁለተኛ፣ ስለ በሩ። የፍቅር ፊልሙን ማለቴ ነው። ለዓመታት በመርከብ ላይ ሲሠራ የኖረው ወጣት የጻፈላትን ደብዳቤ ሁሉ እናቷ እየደበቀችባት፣ ልጅቷም ረስቶኛል ብላ እያነባች፣ እሱም ረስታኛለች ብሎ እያነባ የሚሄድ ታሪክ ነው። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ታሪክ ከዚህ በፊት አይተናል፤ እናትየዋም ክፋቷ በዛ፣ ደብዳቤ በደበቀች ቁጥር መስታወት ፊት ቆማ ፈገግ ማለት አልነበረባትም። ነገር ግን ልጅቷ ስታለቅስ አፍንጫዋ ይቀላል። ይህ ብዙ ተዋናዮች የማይደፍሩት ነገር ስለሆነ ወድጄላታለሁ። መጨረሻ ላይ ልጁ ተመልሶ በዝናብ እየሮጠ መጥቶ በሯን ያንኳኳል፤ የእግር ኮቴ ይሰማል፤ የበሩ እጀታ መዞር ይጀምራል፤ ከዚያም ባትሪ ከነባትሪው ይመጣል።

ሠርጓ የደረሰ አንዲት ደንበኛዬ ይህንን ፊልም ከእጮኛዋ ጋር አይታው ነበር። ሲወጡ እሷ በሩን የከፈተችው ልጅቷ ናት አለች። እሱ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ማን ይጠብቃል፣ እስካሁን አግብታለች፣ የከፈተው ባሏ ነው አለ። እሷም ታዲያ አንተ ብትሄድ እኔም አልጠብቅህም ማለትህ ነው ወይ ብላ ስትጠይቀው ወዲያው መመለስ ሲገባው ትንሽ አሰበ። ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ባለትዳር ነዎትና ወንድ ልጅ እንዲህ ባለ ሰዓት ትንሽ ማሰቡ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይጠፋዎትም። ቀሚሱ እስካሁን በላስቲክ ተሸፍኖ ከሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እንድጨርሰውም እንዳፈርሰውም የነገረኝ የለም።

ሦስተኛ፣ ከደረጃው ስር ስላለው ፍጡር። ይህ አጭር ነው። በአስፈሪው ፊልም ላይ ጥፍሩ ብቻ የሚታየው ያ ፍጡር ይያዝ፣ ይሙት፣ ወይም ቢያንስ አድራሻ ይቀይር ሳናውቅ ወጥተናል። በሕንጻችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጡረታ የወጡ ዳኛ በሥራ ዘመናቸው ስንቱን ነፍሰ ገዳይ ፊት ለፊት ያዩ፣ ዓይናቸው ጨርሶ የማይርገበገብ ሰው ናቸው፤ አሁን ደረጃ ሲወጡ ጮክ ብለው ይዘፍናሉ። ድምፃቸው ደግሞ ለዘፈን የተፈጠረ አይደለም።

ሰው ማጉረምረም ሲጀምር እርስዎም ዝም አላሉም፤ ለዚህ ትጋትዎ ምስጋና ይገባዎታል። ቲኬት በሚቆረጥበት መስኮት ላይ «ውድ ተመልካቾቻችን፣ ዘመናዊ ፊልም መጨረሻውን ለተመልካቹ ይተዋል፤ ምናብዎን ስለተጠቀሙ እናመሰግናለን» የሚል በደማቅ ቀይ የታተመ ማስታወቂያ ለጠፉልን። እኛም፣ ይቅር ይበለንና፣ አመንን። የእህቴ ባል የሥነ ጽሑፍ መምህር ነው፤ ማስታወቂያውን ካነበበ ጀምሮ በደስታ እግሩ መሬት አልነካም። ጥርስ እንዳላወጣ ሕፃን ሁሉም ነገር ታኝኮ እንዲሰጠን የምንፈልግ ኋላ ቀሮች መሆናችንን፣ ትልቅ ጥበብ መልስ እንደማይሰጥ፣ የበሩ እጀታ መዞሩ ራሱ መልስ እንደሆነ ለሳምንታት ሲያስረዳን ከረመ። ተማሪዎቹንም ስለዚሁ ድርሰት አጻፋቸው። ከሲኒማ ሲወጣ «ታዲያስ፣ ማን ገደለው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንደ ገጠሬ ይታይ ጀመር፤ አብዛኛው ሰው አንገቱን ነቅነቅ እያደረገ «ግሩም ነው፣ ግሩም ነው» ማለትን ተማረ። አንድ ሙሉ ሰፈር የተቆረጠ ፊልም እያየ የሠለጠነ መሰለው። እኔ በሙያዬ እጅጌ የሌለው ኮት አስረክቤ ክንድዎን በምናብዎ ይሸፍኑ ያልኩት ደንበኛ ባይኖርም፣ ምናልባት ሲኒማ ሌላ ነው ብዬ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ።

እስካሁን የጻፍኩትን ለጨዋታ እንደጻፍኩት ቢቆጥሩት አልቃወምም። ከዚህ በታች ያለውን ግን እንደዚያ እንዳያነቡት በትሕትና እለምናለሁ።

አራተኛ፣ ስለ አባቴ። አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ የፊልም ሰዎች ለአንድ ትዕይንት አሮጌ አውቶቡስ ከነሹፌሩ ሲፈልጉ የቀድሞ ድርጅቱ እሱን ጠቆማቸው። የሚናገረው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች። የፊልሙ ባለታሪክ፣ ከሥራዋ የተባረረች ነርስ፣ ቀኑን ሙሉ በከተማው ስትንከራተት ውላ ሲመሽ ባዶ ፌርማታ ላይ ትቆማለች፤ አውቶቡስ ይመጣል፤ ሹፌሩ በሩን ከፍቶ «ግቢ ልጄ፣ ከዚህ በኋላ መኪና የለም» ይላታል። ይኸው ነው። ለዚህች ዓረፍተ ነገር ሲባል ቤታችን ለስንት ጊዜ ቲያትር ቤት ሆኖ እንደሰነበተ ልንገርዎ። አባቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ የድስት ክዳን እንደ መሪ ይይዛል፤ እናቴ ቦርሳዋን አንጠልጥላ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ነርስ ሆና ትቆማለች። አንዴ ቆጣ ብሎ ይለዋል፣ አንዴ እንደ ደከመው ሰው ይለዋል፣ አንዴ ደግሞ በሬዲዮ ዜና እንደሚያነብ ሰው ድምፁን ያጎርንነዋል። እናቴ አንዱንም አልወደደችውም። በመጨረሻ «እኔን ከገበያ ስመለስ እንደምትጠራኝ በለው» አለችው፤ እሱም እንደሱ አለው፤ እሷም ቦርሳዋን አስቀምጣ ወደ ማድቤት ገባች።

ቀረጻው ተጠናቀቀ፤ ፊልሙ ሳይወጣ ግን አባቴ በልብ ሕመም ሞተ። ሊያጽናኑን ከመጡት ሰዎች መካከል የዳይሬክተሩ ረዳት ነበረች። አባታችሁ እንደ ልዩ ባለሙያ ነው የሠራው፣ የፊልሙ የመጨረሻ ፊትና የመጨረሻ ድምፅ የእሱ ነው ብላ ነገረችን። ክቡር ሆይ፣ የአባቴ ፎቶግራፎች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ካሜራ ሲያይ ፖሊስ እንዳስቆመው ሰው ቀጥ ስለሚል በሁሉም ላይ ሌላ ሰው ይመስላል። በስልክ ልንቀርጸው ስንሞክርም ስልኩ ከፊቱ እስኪነሳለት ድረስ ጥርሱን ገጥሞ ይጠብቃል። ድምፁ የቀረው በዚያ ፊልም ላይ ብቻ ነው፤ እናቴም ከቀብሩ ጀምሮ የምትጠብቀው ያንኑ ነበር።

ፊልሙ እርስዎ ቤት መታየት ሲጀምር እናቴ ከማዶ ሆና ፖስተሩ ሲለጠፍ አየችው። የአባቴ ፊት ፖስተሩ ላይ የለም፤ ቢሆንም ቆማ ስታየው ቆየች። ለዚያ ቅዳሜ የሰፋሁላትን ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ለበሰች፤ እኔ፣ እህቴና መምህሩ ባለቤቷ ግራና ቀኟ ተቀመጥን። ስለ ፊልሙ አስተያየት ከተጠየቅሁ ሆስፒታሉ ውስጥ ያለው ክፍል ይረዝማል፣ ዋና ሐኪሙም እንደዚያ ጮሆ ባይናገር ይሻለው ነበር እላለሁ። ነርሷ ግን ጫማዋ እየቆረጣት እንደሆነ ሳትናገር ሙሉ ፊልሙን በእግሯ አሳየችን፤ በእኔ ዕድሜ ያየሁት ከሁሉ የተሻለ ትወና ነው። መሸ፤ ፌርማታው ላይ ቆመች፤ መንገዱ ባዶ ነው። ከሩቅ ሁለት የመኪና መብራቶች ታዩ። እናቴ እጄን ጨበጠችኝ። በነርሷ ስታለቅስ ስለነበር መነጽሯ ረጥቦባት ነበር፤ አሁን በደንብ ላየው ብላ በጥድፊያ አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ መጥረግ ጀመረች። ያን ጊዜ የአዳራሹ መብራት በራ።

«አልቋል እናቴ፣ በዚህ በኩል» አላት ባትሪ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ባዶውን ነጭ ሸራ አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ ዝግ ባለ ድምፅ «አመለጠኝ?» አለችኝ።

እንደጮኽኩ አልክድም፤ ባትሪንም፣ በሩን ይዞ የቆመውንም፣ የማያገባቸውንም ሰዎች ሰድቤአለሁ። መምህሩ የእህቴ ባል እናቴን ደግፎ እስከ ቤት ድረስ ወሰዳት። እኔ ያን ዕለት ገባኝ፤ ያ መርማሪ ጣቱን ወደ አንድ ሰው አንስቷል፣ ያ በርም ተከፍቷል፣ ያ ፍጡርም መላ ተበጅቶለታል። ሁሉም ነገር አልቆ ነበር፤ ያላለቀው ለእኛ ነው። ስንቱን ደራሲ ጅምር አይጨርስም እያልኩ በደንበኞቼ ፊት አምቼአለሁ።

የእናቴ ነገር ግን ከእኔም የከፋ ነው። ፊልሙ ተቆርጦ ነው ብላት አታምነኝም። ይህን የሚያህል ቤት፣ ይህን የሚያህል ኃላፊ ተቀምጦ ሰው የሠራውን ነገር ማን ይቆርጣል ትላለች። በእሷ ሐሳብ አባቴ መጥቷል፣ ተናግሯል፣ ሄዷልም፤ እሷ ግን መነጽር ስትጠርግ አላየችውም፣ ሰው ሲንጫጫ አልሰማችውም። በማግስቱ የዓይን ሐኪም ዘንድ ካልወሰዳችሁኝ አለች። ሐኪሙ መርምሯት ዓይንሽ ለዕድሜሽ እጅግ ደህና ነው ቢላት ልጁ ጨዋ ስለሆነ ላያስደነግጠኝ ፈልጎ ነው ብላ ወጣች። አሁን ጆሮዋን ለመታየት ቀጠሮ ይያዝልኝ ትለኛለች። እስካሁን በእርስዎ ምክንያት የተኮራረፉትን፣ የተጣሉትንና ደረጃ ላይ የሚዘፍኑትን ሁሉ ይቅር ልል እችላለሁ፤ እናቴ የገዛ ዓይኗን እንድትወቅስ ማድረግዎን ግን ይቅር አልልዎትም። ይህን በጨዋ ቋንቋ መጻፍ የሚቻልበትን መንገድ ፈልጌ ስላጣሁ እንዲሁ ጽፌዋለሁ።

አምስተኛ፣ ስላደረጉልኝ መስተንግዶ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል። ክፍልዎ ያማረ ነው፤ ወንበርዎ ከአዳራሹ ወንበሮች ሁሉ ይመቻል። እርስዎ ግድግዳው ላይ ባለው ቴሌቪዥን የእግር ኳስ ጨዋታ እየተመለከቱ ስለነበር በእጅዎ ቆዪ አንዴ ብለውኝ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ጨዋታው አለቀ፤ የባከነ ሰዓት ተጨመረ፤ እሱም አለቀ፤ ተጫዋቾቹ ማልያ ተቀያየሩ፤ አሠልጣኙ አስተያየት ሰጠ። ይህን ሁሉ በትዕግሥት ተከታትለው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ነገሬን አስረዳሁ፤ ፊልሙ ከቤትዎ እስኪወርድ ድረስ ካሉት ማሳያዎች አንዱን ብቻ ሳይቆርጡ ያሳዩልን ብዬ ለመንኩ። ለአንድ ሰው ተብሎ ፕሮግራም አይዛባም አሉኝ። ቀጥለውም፣ ቃል በቃል አስታውሳለሁ፣ «ዋናውን እኮ አይታችኋል፤ መጨረሻው አንዲት ሴት አውቶቡስ ላይ ስትሳፈር ብቻ ነው፣ ምንም ነገር የለውም» አሉኝ። ከዚያም መሳቢያዎን ከፍተው ለሚቀጥለው ሳምንት ፊልም ለመላው ቤተሰቤ ነጻ ቲኬት ሰጡኝ።

ስለ ቲኬቱ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ለአጋማሽ ፊልም አጋማሽ ምስጋና ይበቃል ካሉም ግማሹን መመለስ ይችላሉ። የቸገረኝ ሌላ ነው። ምንም ነገር የለውም ለማለት ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ እርስዎ አይተውታል። ይህን ወደ ሱቄ ተመልሼ መርፌዬን ሳነሳ ነው የተረዳሁት። በዚህ ሰፈር ውስጥ አባቴ ከሞተ በኋላ ሲንቀሳቀስ ያየው፣ ሲናገርም የሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በሚመቸው ወንበር ላይ ተቀምጦ ምንም ነገር የለውም ብሏል።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምጠይቅዎ ይህን ነው። ፊልሙ እስከ እሑድ ድረስ እንደሚቆይ ማስታወቂያዎ ይናገራል። ከዚያ በፊት ባለው በአንዱ ማሳያ ላይ መብራቱን የሚያበራው ሰው እጁን ኪሱ ውስጥ ያቆይ። በዚያ ምክንያት የፈንዲሻው ሽያጭ ከቀነሰ የባለቤትዎን ወንድም ሱሪዎች በሙሉ ያለ ክፍያ አሳጥርለታለሁ፤ ርዝመታቸው እንደሚያስቸግረው ከሱቄ መስኮት ሆኜ ሳይ ኖሬአለሁ። ይህን ለማድረግ የማይፈቅዱ ከሆነ ደግሞ ማስታወቂያዎን አውልቀው በምትኩ ለተጨማሪ ማሳያ ስንል ቆርጠነዋል ብለው በዚያው ደማቅ ቀይ ይጻፉ። እናቴ የታተመ ነገር ታምናለች። ይህን ብታነብ ቢያንስ ዓይኗን ይቅር ትላለች።

ስለ ደግነትዎ፣ ስለ ትዕግሥትዎ፣ ምናባችንን ያለ እረፍት ስላሠሩልን፣ እንዲሁም ይህን ሁሉ ጊዜ የሠለጠንን መስሎን እንድንኖር ስለፈቀዱልን ወሰን የሌለው ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ወንበርዎ ይደላድልዎ፣ በርዎ ከውጭ በሚያንኳኳ ሰው አይረበሽ፣ የጀመሩት ጨዋታ ሁሉ በድል ይጠናቀቅልዎ እላለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ፣
የአውቶቡስ ሹፌሩ ታላቅ ልጅ

ተጨማሪ፦ ፊልሙ መቆረጡን እንድታምነኝ ብዬ ቢሮዎ ውስጥ የነገሩኝን ለእናቴ ቃል በቃል ነገርኳት። እሷ ግን ከንግግርዎ ውስጥ ሌላ ነገር ነው የሰማችው። «አይቶታል ማለት ነው?» አለችኝ። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ቢሮዎ ትመጣለች፤ ላስቀራት አልቻልኩም። በመጀመሪያ እኔ አዳራሹ ውስጥ ስለጮኽኩት እርስዎን ይቅርታ ትጠይቅዎታለች፤ እባክዎን ይቀበሏት። ቀጥላም አባቴ ያቺን ቃል እንዴት አድርጎ እንዳላት፣ ቆጣ ብሎ ይሁን፣ እንደ ደከመው ሰው ይሁን፣ ወይስ እሷን ከገበያ ስትመለስ እንደሚጠራት፣ እንዲነግሯት ትጠይቅዎታለች። መልስዎን አዘጋጅተው ይጠብቋት። ሳይቸኩሉ ይናገሩ፤ እናቴ ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ ተነስታ አታውቅም።